የአረፋም የፋሲካም አጎዛ

አባዬ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን። በመቃብር አጠገብ የሚያልፍ ሰው ለተኙት ሰላምታ ይሰጣል ብለህ ያስተማርኸኝ አንተ ነህ፤ እኔም በዚያ በኩል ባለፍሁ ቁጥር፣ ባጃጅ ውስጥ ብሆን እንኳ፣ ሰላም እልሃለሁ። ሹፌሩ እሱን ያናገርሁት እየመሰለው ዞር ይላል። ከተለየኸን ወዲህ ሁለት አረፋ አለፈ። ሁለተኛው ትናንት ነበር። ዛሬ ከአሱር ሰላት በፊት፣ እጄ ጨው ጨው እየሸተተ፣ ሱቅህ ውስጥ በርጩማህ ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሃለሁ።

የቀብርህ ዕለት ሴት ቀብር አትከተልም ተብዬ ከግቢያችን በር ተመለስሁ። ደንቡን አውቀዋለሁ፣ አልተከራከርሁም። አንተ ግን ታውቀኛለህ፤ ያልተከራከርሁበት ነገር ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል። ጠበቃዬ እያልህ የምትጠራኝስ ለዚህ አልነበር? ጀናዛህ ሲወጣ አፌ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረ፤ ለማንም ሳልጠይቀው ቀረ። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄብህ ነበር፣ ሳትነግረኝ መንገድ የወጣህ ይመስል። አሁን ንዴቱ በርዷል፤ ናፍቆቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ከቤት ጀምሬ ሁሉንም በተራ ልንገርህ።

እማ ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ሥጋ የምንገዛው ከሌላ ሰው ሆኗል፤ ያም ምስኪን ምንም ቢሰጣት አያስደስታትም። ሥጋውን ሳህን ላይ አድርጋ ታገላብጠዋለች፣ ከዚያ «ሰይድ ይህን ለደንበኛ አይሰጥም ነበር» ትላለች። በሕይወት ሳለህ ስምህን ጠርታ አታውቅም፤ ሁልጊዜ «የሐያት አባት» ነበርህ። በስምህ መጥራት የጀመረችው አሁን ነው። መጀመሪያ ስሰማት ደንግጬ ነበር፣ ኋላ ግን ወደድሁት። ጉልበቷ ብሶባታል። ስስ ምንጣፍ ላይ ስትሰግድ ከሱጁድ ለመነሣት ግድግዳ ትይዛለች፤ ላግዝሽ ስላት ትቆጣለች።

ሱቅህ አንተ ከሄድህ በኋላ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። ቁልፉን እማ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ይዛው ትዞር ነበር። አጎቴ መጥቶ፣ ለሞባይል ጠጋኝ እናከራየው፣ ባዶ ቤት ምን ያደርግላችኋል አለ። ምክሩ ክፉ አልነበረም፤ ቤታችን ገቢ ያስፈልገው ነበር። እኔ ግን መንጠቆዎችህ ተነቃቅለው በቦታቸው የስልክ ሽፋን ሲንጠለጠል ታየኝና አልቻልሁም። ካለ አንተ የዋለው የመጀመሪያው አረፋ እንዳለፈ እማን ለመንኋት። ብዙ ካሰበች በኋላ ቋጠሮውን ፈትታ ቁልፉን ሰጠችኝ፤ እስከሚቀጥለው አረፋ ሥሪበት፣ ካልቆመልሽ ግን ይከራያል አለችኝ። እንዲህ ሆኖ ነው ሱቅህ እጄ ላይ የወደቀው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በአንተ የመጨረሻ አረፋ ነው። ደረትህ አላስቆም ብሎህ በዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ትመራን ነበር። ማረዱ ሲደርስ ብቻ ትነሣለህ፣ ቢስሚላህ ብለህ ታርዳለህ፣ መልሰህ ትቀመጣለህ። እግር ያዥ እኔ ነበርሁ። አንድ ከላይ ሰፈር የመጣ ሰውዬ በጉን ካሳረደ በኋላ፣ ለድካምህ ቆዳውን ውሰድ አለህ። አንተ ቆዳውን በሁለት እጅህ አንሥተህ መልሰህ አስታቀፍኸውና የእጅህን ዋጋ እንደ አዘቦት ቀን ጠየቅኸው። ለዑድሂያ፣ ለአረፋው መሥዋዕት፣ የታረደን በግ ባለቤቱ ምኑንም አይሸጥም፣ አራጁም በደመወዝ መልክ ከሱ አይወስድም። ሰውዬው ሳቀብህ። «ምነው ሰይድ፣ ዛሬ ቆዳ ማን ይፈልገዋል? ማንስ ያይሃል?» አለ። አንተ ወደሚቀጥለው በግ ዞርህ።

ስለ ቆዳው ያለው እውነት ነበር። ድሮ በበዓል ቀን ቆዳ ገዢዎች በር ለበር እየጮኹ ይዞሩ ነበር፤ አሁን ዋጋው ወድቆ የሚጠይቅ ጠፍቷል። ያን ዕለት ሲመሽ ቆዳው በየቦዩ ተጥሎ ውሻ ይጎትተው ጀመር። ገሚሱን ሰዎች ወስደው ቀሐ ወንዝ ጣሉት። አንተ እያሳለህ የማዳበሪያ ከረጢት ይዘህ ወጣህ፤ የእኛን ሰፈር ቆዳ ለቅመህ ከሱቁ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ጉድጓድ ቆፍረህ ቀበርኸው። በደመወዝ አልወስድም ብለህ በነፃ ልትቀብረው ነው ወይ ብዬ አሾፍሁብህ። አንተ አልሳቅህም። ለአላህ የቀረበ በግ ቆዳው ውሻ አይጎትተውም አልኸኝና አፈሩን ረገጥ ረገጥ አደረግኸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንተን ራስህን አፈር አለበሱህ፤ እኔ ግን ያ ጉድጓድ ከሐሳቤ አልወጣም።

ዩኒቨርሲቲ ከሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ ልጆች ጋር ከሰላት በኋላ ቁጭ ብለን ስንጫወት ይህን አወራሁላቸው። ሰሚራን ታስታውሳታለህ፤ ኬሚስትሪ የምታጠናው፣ ቤታችን መጥታ ዱለትህን ጨርሳ የሄደችው ልጅ። ቆዳውን ከመቅበር ለሰላት መስገጃ የሚሆን አጎዛ ለምን አናደርገውም ያለችው እሷ ናት። ወንዙን የሚመርዝ የፋብሪካ ኬሚካል ሳንነካ፣ በግራር ልጥ እናለፋዋለን አለች። እኔ የማጠናው የአካባቢ ጥበቃ ስለሆነ በዚህ አልተለያየንም። ፈቃዱን ለመጠየቅ ወደ ሸህ ኢድሪስ፣ ወደ መስጂዳችን ኢማም፣ ሄድን። ሸሁም፣ ባለ በጉ ቆዳውን መሸጥ አይችልም፤ በስጦታ ከሰጣችሁ ግን የእናንተ ነው፣ ለፍታችሁ ብትሸጡት ሐላል ነው አሉን። ብቻ ለቆዳው ዋጋ እንዳትሰጡት፣ በሻይም ቢሆን እንዳትገዙት ብለው አስጠነቀቁን። ስለ ሻይዋ እስከ ዛሬ እንስቃለን፤ ቆዳ ይዞ የመጣን ሰው ሻይ ጠጣ ለማለት እንፈራለን።

ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የማይበክሉ የንግድ ሐሳቦችን ሲያወዳድር እኛም ቀረብን። ከዳኞቹ አንዱ፣ ሐሳባችሁ ሸጋ ነው፣ የሃይማኖቱን ነገር ብታወጡት ገበያው ይሰፋላችሁ ነበር አለን። እኔ አፌን ከፈትሁ፤ ሰሚራ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ እኔም ተናገርሁ። ሃይማኖቱን ብናወጣው ጥሬ ዕቃው አብሮ ይወጣል አልሁት። ሰው ቆዳውን በነፃ የሚሰጠን መሸጥ ስለማይፈቀድለት ነው፤ እኛም ለመልቀም የወጣነው አባቴ ሲቀብረው ስላየሁ ነው። አንደኛ አልወጣንም። የሰጡን አንድ ትልቅ በርሜልና የመፋቂያ ቢላዎች ነበር። አንተ ብታየኝ ምላስሽን ሰብስቢ ትለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ለደንበኞችህ ሁሉ እየደጋገምህ ታወራው ነበር።

ሥራው እንዴት እንደ ነበር አልደብቅህም። ሸተትን። የማደሪያ ክፍል ጓደኞቼ ልብሴን ከበር ውጭ አሰቀሉኝ። እማ ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ቆዳ ፋቂ እንድትሆኚልኝ ነው ወይ ብላ አለቀሰች፤ የፋቂ ልጅ እየተባለ የሚሰደበውን ሰው ታውቃለህና አልፈረድሁባትም፣ ግን አዘንሁ። ካለ አንተ በዋለው የመጀመሪያ አረፋ ለቅመን በጨው ካቆየናቸው ቆዳዎች የመጀመሪያዎቹ ጸጉራቸው ረገፈ፣ ሌሎቹ ደርቀው እንደ ጣውላ ቆሙ። ጨው በዝቶባቸው፣ ውሃ አንሷቸው፣ ሳይታሹ ውለው አድረው ነበር የተበላሹት። የተበላሸውን አንተ በቀበርህበት ቀበርን። ልጡን አዘዞ ካሉ እንጨት ነጋዴዎች ነው የምናመጣው፤ እነሱ ልጠው የሚጥሉትን ነው እንጂ ዛፍ አናስገፍፍም። ቀስ በቀስ እጃችን ለመደ። አንድ ቀን ከበርሜሉ ያወጣነውን አሽተን ስንዘረጋው ነጭ፣ ለስላሳ፣ ሽታ የሌለው አጎዛ ሆነ። ሰሚራ ጉንጯን አስደገፈችው። አንተን አሰብሁ፤ እንባዬ መጣ።

ያን የገዙን ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንዲት አሮጊት ናቸው። ከዚያ ወሬው ሄደ። ሰው የአረፋ አጎዛ ይለው ጀመር፣ እኛም ስሙን ያዝነው። ለአላህ የቀረበ በግ ነው፣ ሰላት ይሰገድበታል እያልን ሸጥን። አልዋሸንም፣ እንዲያ ነበር።

አሁን ወደ አያ ፈንቴ ልምጣ። ጎረቤትህ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሥጋ ቤት ጎን ኖረው አንድ ቁራጭ ሥጋ ከአንተ ገዝተው የማያውቁት። እሳቸው የእስላም ሥጋ አይበሉ፣ አንተ የክርስቲያን አትበላ፤ ለሠርጋቸው ለእስላም እንግዶች ለብቻ የሚታረደውን በግ እንድታርድ አንተን የሚጠሩህ ግን እሳቸው ነበሩ። ከተማችን በሃይማኖት የተነሣ የተቃቃረችበት ያ ክፉ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሱቁን ዘግተን ቤት ውስጥ ስንንቀጠቀጥ አያ ፈንቴ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ በራችን ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አንተም ሄደህ አጠገባቸው ተቀመጥህ። ስለ ምን እንደ ተጫወታችሁ ስጠይቅህ፣ ስለ ጎመን ዘር ነው አልኸኝ። እስከ ዛሬ አምንሃለሁ፤ ሁለታችሁም ከዚያ የተለየ ወሬ አልነበራችሁም።

ባለፈው ፋሲካ፣ ልክ በበዓሉ ማግስት፣ አያ ፈንቴ የበጋቸውን ቆዳ በጨው አሽተው፣ ጠቅልለው፣ ተሸክመው መጡ። የእናንተን ቆዳ ከውሻ አዳናችሁ፣ የእኛስ ምነው ቦይ ውስጥ ይቀራል አሉን። ከዚያ ከጋቢያቸው ጥለት ክር መዘዙና በቆዳው አንገት በኩል ቋጠሩለት። «ማተብ አስሬለታለሁ፣ እንዳታሰልሙት» አሉ። ሰሚራ እንኳ ሳቀች። በነጋታው ሌሎች ክርስቲያን ጎረቤቶች ይዘው መጡ፤ እኛም በየአንዳንዱ አንገት ላይ ክር አሰርን። የክርስቲያኑ ቆዳ ክር አለው፣ የአረፋው የለውም። መለያችን ያ ነበር።

ሰሚራ ከሳቀች በኋላ ግን አሰበች። ሥጋውን የማንበላውን በግ ቆዳ እንዴት ለሰላት እንሸጣለን አለችኝ። ተመልሰን ሸህ ኢድሪስ ዘንድ ሄድን። ቆዳ ከለፋ ይጠራል፣ ብዙ ዑለማዎች እንዲህ ይላሉ፤ መብሉ ሌላ ነው፣ መቀመጫው ሌላ ነው አሉን። ቀጥለውም፣ የገዢ ልብ ግን የራሱ ነው፣ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባዋል አሉ። ስለዚህ ለየብቻ ልንሸጣቸው ተስማማን፤ የአረፋውን የአረፋ ነው ብለን፣ የፋሲካውን የፋሲካ ነው ብለን።

በዚያ ሰሞን አራዳ ትልቅ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ከማል አስጠሩን። ከሐጅ ለሚመለሱ ሰዎች ቤተሰቦቻቸው ስጦታ ይገዛሉ፤ የአረፋ አጎዛ ብቻ አምጡልኝ፣ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ አሉን። አባዬ፣ ያን ቀን ከአራዳ ወደ ሰፈር የመጣሁት በእግሬ መሆኑን አላወቅሁትም። ይህ ከተሸጠ ሱቁ ይቆማል፣ እማ ትረካለች፣ ሞባይል ጠጋኙ ሌላ ቤት ይፈልጋል። በአእምሮዬ የበሩን ቀለም ሳይቀር መርጬ ነበር።

ከዚያ መንገድ ተዘጋ። እንደምታውቀው ነው የአገራችን ነገር፤ ከአዘዞ ልጥ የሚያመጣልን ጋሪ ለብዙ ቀን ቀረ። የነበረን ልጥ ለአንድ በርሜል ብቻ የሚበቃ ነበር፣ ፋሲካ የመጡት ቆዳዎች ደግሞ ሙቀቱ እያበላሻቸው ነበር። ክር አላቸው፣ ምን ይሆናሉ ብለን ከቀሩት የአረፋ ቆዳዎች ጋር አንድ ላይ ዘፈዘፍናቸው። በየቀኑ በእንጨት እናማስላቸው ነበር። ባወጣናቸው ዕለት አንድም ቆዳ ላይ ክር አልነበረም። ውሃውን ስንደፋው ማተቦቹ ሁሉ ከበርሜሉ ሥር ተሰብስበው ተገኙ፣ በልጡ ቀልመው ቡናማ ሆነው። ሰሚራ አንዱን በጣቷ አንሥታ አየችውና በቀስታ «ሰለሙ» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀመጥን።

በቀለም ለመለየት ሞከርን። የአያ ፈንቴ በግ ጥቁር እንደ ነበር አስታውሳለሁ፤ ጥቁር በግ ግን የእሳቸው ብቻ አይደለም። ለሐጂ ከማል የምናስረክበው በሙሉ እዚያ ክምር ውስጥ ነበር። ሰሚራ እንባዋን ጠርጋ መከራከር ጀመረች፣ ክርክሯም ጥሩ ነበር። ሸሁ ይጠራል ካሉ ጠርቷል፤ የሚሰግድበት ሰው ሰላቱ አይጎድልበትም፤ ለምን እንናገራለን? የጠራውን ነገር እኛው ራሳችን ልናስጠረጥረው ነው? ማን ያውቃል? ወላሂ፣ የምትለው ሁሉ ትክክል ነበር። ሱቁንም በጣም እፈልገው ነበር። ዝም ብዬ ብሸጠው እማም ሐጂውም ደስ ይላቸው ነበር።

ያ ሰውዬ ግን ፊቴ ድቅን አለ፣ ማን ያይሃል ያለህ። አንተ ያን ጊዜ ልትመክረው ትችል ነበር፣ አላህ ያያል ልትለው ትችል ነበር፤ ማንም ይህን ይላል። አላልኸውም። ቆዳውን አስታቅፈኸው ወደ ሥራህ ዞርህ። ቆዳው ረክሶ አልነበረም የመለስኸው፤ የአንተ ስላልነበረ ነው። የእኛም አጎዛ ርኩስ አልነበረም። የአረፋ ነው ብለን ያልነው ቃል ግን ከእጃችን ወጥቶ ነበር፤ የሌለንን ቃል ልንሸጥ አንችልም። ይህን ለሰሚራ እንዴት እንዳስረዳኋት አላውቅም። አልተስማማችም፤ ግን አብራኝ መጣች።

ሐጂ ከማል ቁጭ ብለው ሰሙን። ስለ ክሮቹ ስነግራቸው ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል ያዙት። ከዚያ፣ ለሰው የአረፋ ነው ብዬ ተናግሬያለሁ፣ ልወስደው አልችልም፤ ስለ ነገራችሁኝ ግን አላህ ይስጥልኝ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እኔም እሳቸውን ብሆን የማደርገው ያንኑ ነው። ሰሚራ እስከ ሰፈር ድረስ ትታኝ ከፊት ከፊቴ ሄደች። እኔም ያን ቀን ካንተ ጋር ተጣላሁ፤ ለምን እንዲህ አድርገህ አሳደግኸኝ አልሁህ። ሰምተኸኝ ከሆነ እርሳው፣ ከልቤ አልነበረም።

በነጋታው አጎዛዎቹን ሁሉ በመንጠቆዎችህ ላይ ሰቀልናቸው። ከበሩ በላይ «ሰይድ ሥጋ ቤት» የሚለው ጽሑፍህ እንዳለ ነው፣ አልነካሁትም። ከሥሩ ካርቶን ላይ «የአረፋም የፋሲካም አጎዛ፣ ተቀላቅሏል» ብዬ ጻፍሁና ለጠፍሁ። ያለፈ ሁሉ እየቆመ ያነብበዋል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዲት የሰፈራችን ሴት፣ የአባትሽን ቤት ምን አደረግሽው አለችኝ፤ ያ ነገር ለብዙ ቀን ወጋኝ። አያ ፈንቴ የማተቦቹን መጨረሻ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ አንዱን አወረዱና ለወገቤ ይሆነኛል ብለው ገዙት። ከአረፋው በግ ቢሆንስ ብላቸው፣ ልተኛበት እንጂ ልበላው ነው ወይ አሉኝ። ሸህ ኢድሪስም አንድ ወሰዱ፤ እቤታቸው፣ እንግዳ የሚያየው ቦታ ላይ አንጥፈውታል አሉ። ቢሆንም ገበያው ቀዝቃዛ ነበር። አረፋ እየቀረበ፣ እኔ እየፈራሁ ሄድሁ።

አረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው አጎቴ ሞባይል ጠጋኙን ይዞ መጣ። ትሑት ልጅ ነው፣ ሜትር ይዞ ግድግዳውን ሊለካ። እማም ተከትላቸው መጣች። አንተ ከሞትህ ወዲህ እዚህ ሱቅ ገብታ አታውቅም፤ እንኳን መግባት፣ በዚህ መንገድ አታልፍም ነበር። በሩ ላይ ቆመች። መንጠቆዎቹን አየች፣ በርጩማህን አየች፣ ከመደርደሪያው በላይ በሚስማር ላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለውን፣ ሱቅ እየዋልህ የምትሰግድበትን፣ ጉልበቱ ጋ የተመለጠውን የራስህን አጎዛ አየች። አላወረደችውም። የአሱር አዛን ሲሰማ ወደ ክምሩ ሄደችና አንድ አጎዛ አነሣች። ከየትኛው በዓል ነው ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ ጸጉሩ ይረግፋል ወይ ብላ ብቻ ነው፤ አይረግፍም አልኋት። አንተ ታነጥፍበት በነበረው ቦታ አነጠፈችው፣ ወደ ቂብላ ዞረች፣ ሰላቷን ጀመረች።

ሞባይል ጠጋኙ ሜትሩን እንደ ዘረጋ ቀረ። በሚሰግድ ሰው ፊት አይታለፍ፣ ከኋላዋ ግድግዳውን መለካት አፈረ። እማ ሰላት ስትረዝም ታውቃታለህ። ወደ ሱጁድ ስትወርድ ዐይኔ ጉልበቷ ላይ ነበር። ተነሣች፣ ግድግዳ ሳትይዝ። ደግማም ወረደች፣ ደግማም ተነሣች። እኔ መደርደሪያው ጋ ቆሜ አለቀስሁ፣ ድምፄን ውጬ። ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላም ብላ ከጨረሰች በኋላ እዚያው ተቀምጣ ወደ ልጁ ዞረችና፣ ልጄ፣ እንዳደከምንህ ይቅር በለን፣ ቤቱ ሰው አለበት አለችው። አጎቴ ሊናገር ሲል፣ ሰይድ ሥጋ ቤት ነው የሚለው፣ አላነበብህም ወይ አለችው። ልጁ ሜትሩን ጠቀለለ። ሲወጣ ለእናቱ አንድ አጎዛ ገዝቶ ወጣ።

ትናንት ካለ አንተ ሁለተኛው አረፋ ነበር ብዬሃለሁ። ሰፈሩ ቆዳውን ወደ ቦይ አልጣለም፤ እየያዘ እዚህ በር ድረስ አመጣው፣ ሻይም አልጠየቀን። ሰሚራ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ጨው ስትነሰንስ ዋለች፤ አሁን ሁለት በርሜል ይሁን ብላ ትከራከረኛለች፣ እኔም ተረትቻለሁ። ከሱቁ ጀርባ ያለው ጉድጓድህ አዲስ ነገር አልተቀበረበትም። ሣር በቅሎበታል።

ሱቁ ሁልጊዜ ይቆማል ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ገበያ ነው፣ መንገድም ይዘጋል። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው። ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልሸጥም። አረፋ በመጣ ቁጥር ለአራጁ ዋጋውን በእጁ እሰጣለሁ። እናም በየሰላቴ ስምህን እጠራለሁ፤ ግንባሬን የማኖርበት አጎዛ ከክምሩ የወሰድሁት ነው፣ የአያ ፈንቴ በግ ይሁን የእኛ አላውቅም፣ ዱዓዬ ግን ላንተ ነው። አላህ ቀብርህን ሰፊ ያድርግልህ፣ ከጀነት ያገናኘን።

ጀናዛህ ሲወጣ ልጠይቅህ ፈልጌ አፌ ላይ የቀረው፣ ነገ ሱቁን ማን ይከፍተዋል የሚል ነበር። ሌላ ነገር አልነበረም። አባዬ፣ ዛሬ ጠዋት እኔ ከፈትሁት።

ልጅህ ሐያት